ወጥመዱ ውስጥ ስንት ሰዓት? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲገባ የእንስሳቱ ጸጉር ይወፍራል፤ እዚህ አሜሪካም የማጥመጃው ወቅት ይከፈታል። ደብዳቤዎቻችሁም አብረው መጥተዋል።

ቨርጂኒያ ያሉ አባት ጣራቸው ሥር ራኩን የሚባል፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር የሆነ የዱር እንስሳ ገብቶባቸዋል። በሳጥን ወጥመድ ይዘው ሩቅ ጫካ ሊለቁት አስበዋል።

አይቻልም አባቴ። በቨርጂኒያ ሕግ የተያዘን የዱር እንስሳ ሌላ ቦታ ወስዶ መልቀቅ ክልክል ነው። ራኩን የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖረው ስለሚችል በሽታውን ይዘውት ሊሄዱ ይችላሉ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጥሩ። ከነከስዎ ወይም ከቧጨርዎ ደግሞ አደራ፣ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥበው ያኑ ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። "ትንሽ ጭረት ናት" ብለው እንዳይተዉት።

አንዲት እህት ውሻዬን ጫካ ውስጥ ወጥመድ ቢይዘውስ ትላለች።

መጀመሪያ ጃኬትሽን ራሱ ላይ ጣል አድርጊ፤ ያመመው ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። የያዘው እግሩን ከሆነ ግራና ቀኝ ያሉትን ብረቶች በሁለት እግርሽ ወደ መሬት ተጫኛቸው፣ መንጋጋው ይላላል። አንገት የሚይዘው ዓይነት ግን ጊዜ አይሰጥም። የውሻውን ገመድ በአንደኛው ሞላ ሁለት ቀለበቶች አሾልኪ፣ አንዱን ጫፍ ረግጠሽ ሌላውን ሳቢ፣ ሞላው ሲጨመቅ በመንጠቆው ቆልፊው። ከዚያ ሌላኛውን ሞላ። ከዚያም እንስሳት ሐኪም ጋ፣ ደህና ቢመስልም።

ላስቬጋስ ያለ ወንድም ደግሞ የሥራ ባልደረባው በረሃ ወጥቶ ቦብካት የሚባለውን የዱር ድመት ያጠምዳል። "መዝናኛዬም ነው፣ ቁጥራቸውንም እቆጣጠራለሁ" ይለዋል። እውነቱን ነው ወይ?

ቁጥጥር የሚባለውን ላሳይህ። ሉዊዚያና ውስጥ ኑትሪያ የሚባል ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አይጥ መሰል ትልቅ እንስሳ የረግረጉን ሣር ከነሥሩ እየበላ መሬቱን ለባሕር ያስረክባል። ስለዚህ ለአንድ ጅራት 6 ዶላር ይከፈላል። ሜሪላንድ ደግሞ ዓመታት ለፍታ በ2022 ኑትሪያ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ መጥፋቱ ታወጀ። የቱ እንስሳ፣ የት፣ ለምን፣ መቼ እንደሚያበቃ ይታወቃል። ቦብካት ግን የዚያው በረሃ ተወላጅ ነው፤ የሚጠመደውም ጸጉሩ ስለሚሸጥ ነው። ለባርኔጣ ሲባል ቢቨር የሚባለው ወንዝ ገዳቢ እንስሳ ሊያልቅ የደረሰውም በወጥመድ ነበር። ካሊፎርኒያ ሁለቱን ለይታለች፤ በ2019 ለጸጉር ማጥመድን ስትከለክል ጉዳት የሚያደርሱትን መያዝ ፈቅዳለች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሰዓቱ ነው። ወጥመድ ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ይይዛል። ቨርጂኒያ ውስጥ መሬት ላይ የተጠመደ በየቀኑ መታየት አለበት። ያንተ ኔቫዳ በአብዛኛው እስከ 96 ሰዓት ትፈቅዳለች። አራት ቀን፣ እግሩ ተይዞ፣ ያለ ውሃ፣ በበረሃ ብርድ! ባልደረባህን ይህን ጠይቀው፦ ቅዳሜ ያጠመድከውን መቼ ሄደህ ታየዋለህ?

የቢቨር ሥጋ ይበላል ወይ?

የሚበሉት አሉ። ለእርስዎ ይፈቀድ እንደሆነ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።