መልስ፦ ማካሮቭ ሽጉጥ ቤት ውስጥ ስለማጽዳት

ወንድሜ፣ ማካሮቭህን ቤት ውስጥ እንዴት እንደምታጸዳና ምን ያህል ዘይት እንደሚበቃው ጠይቀሃል። ከዘይቱ በፊት ግን ቅደም ተከተሉን ልንገርህ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ካዝናውን (የጥይት መያዣውን) አውጣ። የምታቀባብለው ከዚያ በኋላ ነው። ካዝናው ሳይወጣ ካቀባበልክ አንዷ ጥይት ተወርውራ ትወጣለች፣ ሌላዋ ወዲያው ቦታዋን ትይዛለች። የወደቀችውን አይተህ "ባዶ ነው" ትላለህ። አይደለም!

ማካሮቭ መጠበቂያው (እንዳይተኮስ የሚቆልፈው ማንሻ) እንደተዘጋ አይቀባበልም። ስለዚህ መጠበቂያውን ስትከፍት ጣትህ ከቃታው ይራቅ፣ አፈሙዙም ሰው ወደሌለበት ይዙር። የላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ ስበህ ያዝና የጥይቱን መቀመጫ በዓይንህ እይ፣ በትንሿ ጣትህም ዳስስ። ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀምጣቸው። ልጆች ካሉ በሩን ቆልፍ።

የቀረው ቀላል ነው። የቃታውን ከለላ ወደ ታች ስበህ ወደ ጎን ስታስደግፈው የላይኛው ክፍል ወደ ኋላ ተስቦ የኋላ ጫፉ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይወጣል። በርሜሉ ከአካሉ አይለይም፤ እዚያው እንዳለ ወልውለው። ዘይቱ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃዋል፤ ሲበዛ አቧራና የባሩድ ጥላሸት ይሰበስባል። ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ጥላሸቱ እርሳስ አለበት።