ጉሙ ግድግዳ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ ለአንድ አጭር አኒሜሽን የጣናን ማለዳ የሚያሳይ ትዕይንት በብሌንደር (የ3ዲ ምስልና አኒሜሽን መሥሪያ ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። ካሜራው በባሕር ዳር በኩል ቆሞ ወደ ሐይቁ ይመለከታል፤ ከፊት አንድ የደንገል ታንኳ፣ 300 ሜትር ያህል ርቆ ደግሞ ዛፍ የለበሰ ደሴት አለ። ጉም እንዲኖረው ዎርልድ (ትዕይንቱን በሙሉ የሚከበው ዳራ) ላይ ቮልዩም ስካተር (ብርሃንን እንደ ጉም የሚበትን ቅንብር) ብጨምርበት ታንኳውም፣ ደሴቱም፣ ፀሐይዋም ጠፉ። መብራት ባበዛም ለውጥ የለም። ስሕተቴ ምን ይሆን? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ መብራቱን ይተዉት፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ዴንሲቲ የሚባለው የጉሙ እፍጋት ነው። ቮልዩም ስካተር ሲጨመር ይህ ቁጥር 1 ሆኖ ይመጣል። ብርሃን በጉም ውስጥ ሲያልፍ በየሜትሩ ከቀረው ላይ እኩል ድርሻ እየተቀነሰበት ስለሚሄድ፣ 3ን ለዴንሲቲው አካፍለን በምናገኘው ርቀት ላይ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ይተርፋል። እርስዎ ዘንድ እንግዲህ ዓይን የሚያየው እስከ 3 ሜትር ነው ማለት ነው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ጉም የሚሉት እይታ ከ1,000 ሜትር በታች ሲወርድ ሲሆን፣ በዚሁ ስሌት ዴንሲቲው 0.003 ይሆናል። ደሴቱ እንደ ጥላ ብቻ እንዲታይ ከፈለጉ ከ0.005 እስከ 0.008 ይሞክሩ። ይህ ሁሉ ግን ትዕይንቱ በትክክለኛ ሜትር ከተሠራ ነው፤ ታንኳዎ 50 ሜትር ርዝመት ካለው ቁጥር መቀያየሩ ጉም መዝገን ነው።

ሁለተኛው፣ ዎርልድ ላይ የተጨመረ ጉም ዳርቻ የለውም፤ ፀሐይዋም ወሰን ከሌለው ርቀት እንደምትመጣ ስለሚቆጠር ብርሃኗ ሳይደርስ ያልቃል። ከዚያ ያንሡትና ካሜራውን፣ ታንኳውንና ደሴቱን የሚያቅፍ፣ ከውኃው በላይ ከ8 እስከ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ሳጥን ሠርተው ቮልዩሙን ለሳጥኑ ይስጡት። የዛፎቹ ጫፍ ከጉሙ በላይ ብቅ ይላል፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። የሳጥኑ ክዳን በቢላ የተቆረጠ እንዳይመስል እፍጋቱ ወደ ላይ እየሳሳ ይሂድ፤ ወደ ጎን የተለጠጠ ኖይዝ (ወጣ ገባ የሆነ የዘፈቀደ ንድፍ) ሲጨመርበት ደግሞ ጉሙ በውኃው ላይ የተኛ ይመስላል።

ጉሙን ነጭ አይቀቡት፤ ቀለሙን ከሰማዩና ከፀሐይዋ ይውሰድ። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ስለሆነች ወደ ሐይቁ ሲመለከቱ ፀሐይ የምትወጣው በቀኝዎ ነው። አናይሶትሮፒውን (ብርሃኑ ወደየት አድልቶ እንደሚበተን የሚወስነውን ቁጥር) ወደ 0.6 ቢያደርሱት ጉሙ በቀኝ በኩል ይፈካል፣ በግራ ይደበዝዛል፤ ዜሮ ላይ ከተዉት ግን ብርሃኑ በየአቅጣጫው እኩል ስለሚበተን ይህ ልዩነት አይታይም።

ኮምፒውተርዎ ይህን ሬንደር ማድረግ (ወደ መጨረሻ ምስል መለወጥ) ከከበደው ሚስት ፓስ (የነገሮችን ርቀት መዝግቦ በተጠናቀቀው ምስል ላይ ጉም ለመጨመር የሚያገለግል ንብርብር) አለ። ሲከፈት ከ5 ሜትር ጀምሮ በ25 ሜትር ውስጥ ሁሉንም ስለሚሸፍን፣ መነሻውን 20፣ ጥልቀቱን 400 ያድርጉት። ፈጣን ነው፤ ርቀትን ብቻ ስለሚለካ ግን የቀዛፊው ጥላ ጉሙ ላይ አያርፍም።