የለቀቀው ሠራተኛ፣ ያልተዘጋው አካውንት

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ቤት ለቤት የሚያደርስ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለን። በ3 ዓመት ውስጥ ከ8 ሠራተኛ ወደ 60 አድገናል። የሽያጭ ኃላፊያችን ከለቀቀ ሁለት ወር ሆኖታል። ሰሞኑን ሎጉን (ሲስተሙ ማን መቼ ገብቶ ምን እንደሠራ የሚይዝበትን መዝገብ) ስናይ፣ እሱ ከሄደ በኋላ የደንበኞቻችን ስም፣ ስልክና አድራሻ «አድሚን» በሚለው አካውንት ተገብቶ ወርዷል። ፓስወርዱን እሱን ጨምሮ 5 ሰዎች ያውቁታል፤ አልቀየርነውም። የመጨረሻ ደመወዙን ይዘንበታል። በወንጀል ልናስጠይቀው እንችላለን? ወደፊትስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከደመወዙ ልጀምር፤ ጉዳያችሁን በገዛ እጃችሁ የምታበላሹት እዚያ ላይ ነውና። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ የተቋረጠ ሠራተኛ የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈለዋል። ጊዜው የሚራዘመው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ከዘገየ ነው። ጥርጣሬ ብቻውን ደመወዝ አያስይዝም። ላዘገያችሁበት ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር የሚደርስ ደመወዝ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ዛሬውኑ ክፈሉት።

ወደ ወንጀሉ እንምጣ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወይም ከተፈቀደለት አልፎ ወደ ሲስተም ወይም ወደ ዳታ የገባን ሰው ይቀጣል። ሲስተሙ ለሕግ ሰውነት ላለው ድርጅት አገልግሎት ብቻ የዋለ ከሆነ ቅጣቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት እና ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ነው። ክሱ የሚቆመውም የሚወድቀውም «ያለ ፈቃድ» በሚለው ቃል ነው። የገባው እሱ መሆኑ፣ ፈቃዱ ማብቃቱ፣ ማብቃቱንም ማወቁ መረጋገጥ አለበት። ሎጉ የሚለው ግን «አድሚን» ነው፤ አድሚን ደግሞ አምስት ሰው ነው። ስንብቱን ስትቀበሉ የመግቢያ ፈቃዱ ማብቃቱን በጽሑፍ ካልነገራችሁት፣ ተከላካይ ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነው። አጥር ሳያጥሩ «አጥር ዘለለ» ብሎ መክሰስ ይከብዳል።

ክሱ ግን ተስፋ የለውም ማለቴ አይደለም። ሎጉ የአይፒ አድራሻ (ከየትኛው የኢንተርኔት መስመር እንደተገባ የሚያሳይ ቁጥር)፣ የመሣሪያ ዓይነትና ሰዓት ከያዘ መነሻ አላችሁ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን (ግንኙነቱ ከየት ወደ የት፣ መቼ እንደተደረገ የሚያሳየውን መረጃ) ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ስለሚያስገድድ፣ መርማሪው በሕጋዊ መንገድ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ አቤቱታ የሚሰናከለው በሰዓት ነው። በሞባይል ዳታ ብዙ ስልኮች አንድ የውጭ አይፒ ይጋራሉ፤ ስለዚህ ሰዓቱ እስከ ሰከንድ መታወቅ አለበት። ብዙ ሲስተሞች ደግሞ ሎግ የሚይዙት በግሪንዊች ሰዓት ነው። ሎጉ 23:00 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ቀኑም ወደ ማግስቱ ይዞራል። በማመልከቻችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

ማስረጃው ሳይያዝ ምንም አትንኩ። ሎጉን እንዳለ አውርዱ፣ የሃሽ ቁጥሩን (ፋይሉ ኋላ እንዳልተነካ የሚያሳይ አሻራ) አስልታችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ፣ ሁለት ሰው ይፈርም፣ ቅጂው በፍላሽ ታሽጎ ይቀመጥ። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ወዲያው ፓስወርዱን ቀይሩ፣ በየመሣሪያው ክፍት የቀሩትን መግቢያዎች ሁሉ ዝጉ። በስሙ የተከፈተ አካውንት ካለ አግዱት እንጂ አታጥፉት፤ ሲጠፋ ፋይሉና ታሪኩ አብሮ ሊሄድ ይችላል። በእሱ አካውንት ገብታችሁ «እስቲ ምን አለ» ማለትም ይቅር፤ ሎጉን ትበርዙታላችሁ።

ያልጠየቃችሁኝ ነገር ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። የወጣው የደንበኞች የግል ዳታ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለ ጥሰት በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲገለጽ ይጠይቃል። 72ቱ ሰዓት ካለፈም ምን ዓይነት ዳታ፣ የስንት ደንበኛ፣ ምን እርምጃ እንደወሰዳችሁና ለምን እንደዘገያችሁ ጽፋችሁ አስገቡ። በባለሥልጣኑ ዓይን እናንተ ተበዳይ ብቻ አይደላችሁም፤ ዳታውን የመጠበቅ ግዴታው የእናንተ ነበር።

ለወደፊቱ፣ የጋራ አካውንት ይቅር፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ይከፈት። የአድሚን ሥልጣን ለሁለት ሰው ይበቃል። ሥራ መደቦቹን በአንድ ወገን፣ ሲስተሞቹን በሌላ ወገን ጻፉና ማን እንደሚያይ፣ ማን እንደሚያስተካክል፣ ማን እንደሚያወርድ ለዩ። የማውረድ መብት ለብቻው ይያዝ። አድራሽ ሾፌር የዕለቱን አድራሻ ማየት አለበት፤ የከተማውን ደንበኛ ሁሉ በኤክሴል ማውረድ ግን ምኑም አይደለም። በየ3 ወሩ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩንና የአካውንት ዝርዝሩን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ በአካውንት ዝርዝሩ እያለ በደመወዝ ዝርዝሩ የሌለ ስም ካለ አካውንቱ የዚያኑ ዕለት ይዘጋ። ክፍል የቀየረም ሰው ይታይ፤ አዲሱ ፈቃድ ሲሰጠው አሮጌው ሳይነሳ ይከማቻል።

የክሊራንስ ቅጻችሁ ላይ ንብረትና ፋይናንስ እንደሚፈርሙት ሁሉ አይቲም ሰዓት ጽፎ ይፈርም። መዝጋቱ ግን ክሊራንስ እስኪያልቅ አይጠብቅ፤ የሥራው መጨረሻ ሰዓት ላይ ይሁን። የሚዘነጋው የቴሌግራም ግሩፑ፣ በግል ጂሜይል የተከፈተው የማስታወቂያ ገጽና የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበት ሲም ነው። ሲሙ በእሱ ስም ከተመዘገበ፣ እናንተ ፓስወርድ ብትቀይሩም ኮዱ እሱ ጋ ይደርሳል።

አንድ ነገር ቀረ። ያወረደው ፓስወርዱን ከሚያውቁት ከቀሩት አራት ሠራተኞች አንዱ ቢሆን ወይም አዲስ ፓስወርድ አሳልፎ የሰጠ ቢገኝና ጥፋቱ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ከሆነ፣ መብታችሁ ምክንያቱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀማችሁበት ይቀራል። ያወቃችሁበትን ቀን ቃለ ጉባኤው ላይ አትርሱ።