አባትሽ ቢሻላቸውም ቀጠሮውን አትተዉት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አባትሽ በስትሮክ ደሴ ተኝተው ታክመው ወጥተዋል። ቀኝ ጎናቸው ገና አልታዘዝ ብሏል። ቤታችሁ ተንታ ገጠር ነው። «አሁን ተሽሏቸዋል፣ መንገዱም ሩቅ ነው፣ የወር ቀጠሮውን ብንተወውስ?» ነው ያልሽው። ኧረ አትተዉት! እኔም እናቴን ሐይቅ ከተማ በዚሁ በሽታ አስታምሜያለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ተሻላቸው ማለት መድኃኒቱ ይቁም ማለት አይደለም። ስትሮክ የሚያመጣው የደም ግፊት ሳያሳምም ነው የሚጎዳው። ስለዚህ የግፊት ኪኒን አለቀ ተብሎ አይቆምም፤ አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ። ጤና ጣቢያው ከሌለው ከግል ፋርማሲ መግዛት ይመጣልና።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ግፊታቸውን ጤና ጣቢያ አስለኩ፣ ቀኑንና ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ከ140 በ90 በላይ ደጋግሞ ካሳየ ወሩን አትጠብቁ። የሆስፒታሉን መውጫ ወረቀት ደግሞ አሁኑኑ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ወረቀት ይጠፋል። ጤና መድን ካላችሁ መታደሱን አረጋግጡ፣ ከጤና ጣቢያም ሪፈር ይዛችሁ ሂዱ። ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ከኪስ ክፈሉ ልትባሉ ትችላላችሁ።

የወሎ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ምክርም ይዞ ይመጣል። እናቴ ዘንድ ቡና ተፈልቶ «እገሌ በዚህች ኪኒን ዳነ» ያላለ የለም። ከሁሉም አስፕሪኑን ፍሪ። ስትሮክ የደም ሥር ተዘግቶም ይመጣል፣ ፈንድቶ ደም ፈስሶም ይመጣል። ለመጀመሪያው አስፕሪን ይታዘዛል፤ ደም ለፈሰሰበት ሰው ግን ሊያባብስ ይችላል። የአባትሽ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። የጎረቤት ኪኒን አይቀመስ። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ኪኒኑ ግን አይቋረጥ። ረመዳን ሲመጣም አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ።

አሁን ቤት ውስጥ ያለው ሥራ። ስታነሷቸው የደከመውን እጅ አትጎትቱ፣ በብብትም አታንጠልጥሏቸው፤ ትከሻቸው ሊወልቅ ይችላል። ሲተኙም ሲቀመጡም ጋቢ ጠቅልላችሁ ከክንዳቸው ሥር አድርጉ። በራሳቸው መገላበጥ ካልቻሉ ቀንም ሌሊትም በየ2 ሰዓቱ አገላብጧቸው። ሌሊቱ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከወንድሞችሽ ጋር ተራ ያዙ፤ ሁሉም ነገር በሴት ልጅ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። መደብ ላይ ቁርበት ብቻ ከሆነ ስፖንጅ ፍራሽ ፈልጉ። ገላቸውን ስታጥቢ ተረከዛቸውንና ከወገባቸው በታች ያለውን አጥንት እይ። ቀልቶ ወይም ጠቁሮ የማይለቅ ቦታ ካለ ቁስል እየጀመረ ነው፤ ጫናውን ከዚያ ቦታ አንሱና ለጤና ባለሙያ አሳዩ።

ምግብ ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ በልተውም ቶሎ አይተኙ። ለእናቴ ከውሃ ይልቅ ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላት ነበር። ጨውም ከወጡም ከሽሮውም ቀንሱ፤ ያጉረመርማሉ፣ ቻይው።

አፋቸው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ ሌላኛው እጅ ከዛለ ወይም ንግግራቸው ድንገት ከተምታታ ሰዓቱን ያዙና ወዲያው ወደ ሕክምና ውሰዷቸው፤ እስኪነጋ አትበሉ። የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ዛሬውኑ ተቀበዪ።

ለቀጠሮው ዋዜማውን ደሴ ግቡ። ዘመድ ካለ እሱ ዘንድ እደሩ፤ በዚያ መንገድ ሌሊት ተነስቶ በሽተኛ ማንገላታት አያስፈልግም። የኪኒኖቹን ማሸጊያ ሁሉ፣ ባዶውንም ጭምር፣ ይዘሽ ሂጂ።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ። ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል? የሚላቸው ከሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነገ ጤና ጣቢያ ንገሪ፤ የጠጡት ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል። መልሱን እዚሁ ጻፊልኝ።