ቀኗ ተቆርጦ ከነበረ ለምን ጸለይን?

ጥያቄ፦ እናቴ ባለፈው ክረምት እዚህ ጅማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ጾም ጸሎት አወጀችላት፤ ታናሽ ወንድሜ ሌሊቱን ከአልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ ያድር ነበር፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ዱዓ አድርገውላታል። እናቴ ግን አረፈች። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንድ ዘመዳችን «ቀኗ ተቆርጧል፤ ምንም ብታደርጉ አትተርፍም ነበር» አለን፤ አንዲት እኅት ደግሞ «በሙሉ እምነት ብትጸልዩ ኖሮ ትነሣ ነበር» አለችን። አስቀድሞ ተወስኖ ከነበረ ለምን ጸለይን? ካልተወሰነስ የሞተችው በእኛ እምነት ማነስ ነው? ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ጸሎት ትቷል። እኔም «እንደ ፈቃድህ ይሁን» ባልኩ ቁጥር እምነት ያጣሁ ይመስለኛል።
እኅታችሁ፣ ከጅማ

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የጠየቁት ጥያቄ ጥንታዊ ነው፤ በ3ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው የቤተ ክርስቲያን መምህር አርጌንስ ከወዳጆቹ ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለት ስለ ጸሎት በጻፈው ሥራ ሰፊ መልስ ሰጥቶበታል። ሁለቱም አጽናኞቻችሁ ያመጡት ከእውነት ቁራጭ ነው፤ ነገር ግን ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ትምህርት የሚሰጥበት ቦታ አልነበረም።

ከዘመዳችሁ አባባል እንጀምር። የሰው ዘመን በእግዚአብሔር እጅ መሆኑን መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምራል፤ «ስለዚህ ምንም ብታደርጉ» የሚለውን ግን አያስተምርም። ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ እንደሚሞትና ቤቱን እንዲያስተካክል ነገረው። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ እያለቀሰ ጸለየ፤ ነቢዩ ገና ከግቢው ሳይወጣ የእግዚአብሔር ቃል መጣለትና በንጉሡ ዕድሜ 15 ዓመት እንደሚጨመር እንዲነግረው ታዘዘ። ብዙ ሰባኪ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ኢሳይያስ ግን ከዚህ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲለጥፉለት አዘዘ። እግዚአብሔር «እፈውስሃለሁ» ብሎ ከተናገረ በኋላ ጥፍጥፉ ለምን አስፈለገ? እግዚአብሔር የነገሩን ፍጻሜ ብቻ ሳይሆን ወደ ፍጻሜው የሚያደርሰውንም መንገድ ስለሚወስን ነው። የንጉሡ ልመናም ሆነ በእባጩ ላይ የተለጠፈው በለስ የእግዚአብሔር ውሳኔ የሚፈጸምባቸው መንገዶች እንጂ ውሳኔውን ከውጭ ሆነው የሚገፉ ኃይሎች አልነበሩም።

የጅማ ሰው ይህን በሥራው ያውቀዋል፤ ቡናውን የሚያፈራው እግዚአብሔር ነው ብሎ አረሙን ሳይነቅል የሚተኛ ገበሬ በማና ወረዳ አይገኝም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 36 እግዚአብሔር የፈረሰውን እንደሚሠራ በራሱ ስም ቃል ከገባ በኋላ፣ ይህንኑ እንዲያደርግላቸው የእስራኤል ቤት እንደሚለምነው ጨምሮ ይናገራል። ዳንኤልም የኢየሩሳሌም ጥፋት 70 ዓመት እንደሚቆይ ከኤርምያስ መጽሐፍ ባስተዋለ ጊዜ ዘመኑ በራሱ ይሞላል ብሎ አልተቀመጠም፤ ማቅ ለብሶ በጾም ለመነ። እንዲያውም ሁሉ በእጁ ያልሆነ አምላክ ቢሆን ኖሮ እሱን መለመን ከንቱ ድካም በሆነ ነበር፤ ወንድምዎ በእናቱ አልጋ አጠገብ የተንበረከከው ሕይወትና ሞት በሥልጣኑ ሥር ለሆነ አምላክ ነውና።

እኅቲቱ የተናገረችው ግን ከዚያ የባሰ ነው፤ ኀዘንተኛን በሟች ደም ተጠያቂ ያደርጋልና። ምናልባት በያዕቆብ መልእክት 5 ላይ «የእምነት ጸሎት ድውዩን ያድናል» የሚለውን ይዛ ይሆናል። ቃሉ እውነት ነው፤ ለታመመ ሰው በድፍረት እንድንጸልይም ያዘናል። ይኸው ያዕቆብ ግን አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ «ጌታ ቢፈቅድ ብንኖርም ይህን ወይም ያን እናደርጋለን» እንድንል ያዝዛል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም። ብዙዎችን የፈወሰው ጳውሎስ ባልንጀራውን ጥሮፊሞስን ታሞ ሳለ በሚሊጢን እንደ ተወው ለጢሞቴዎስ ጽፏል፤ ስለ ራሱ ሥጋ መውጊያም ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። እምነቱ ጎድሎ ነው የሚል ካለ ከሐዋርያው ጋር ይሟገት።

ለእናንተ ሁኔታ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የዳዊት ታሪክ ነው። ነቢዩ ናታን ሕፃን ልጁ እንደሚሞት በግልጽ ነግሮት ሳለ ዳዊት ጾሞ በምድር ላይ ተኝቶ ለመነ፤ ሽማግሌዎቹ ሊያነሡት ቢሞክሩ እንቢ አለ። ሕፃኑ በሰባተኛው ቀን ሞተ። ዳዊትም ተነሥቶ ታጠበ፣ ልብሱን ለወጠ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ ከዚያም ምግብ አስቀርቦ በላ። አገልጋዮቹ ግራ ገብቷቸው በጠየቁት ጊዜ ሕፃኑ ሕያው ሳለ የለመነው «እግዚአብሔር ይምረኝ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?» ብሎ እንደ ነበር ነገራቸው። የልጁ ሞት የዳዊት ኃጢአት መዘዝ መሆኑን ናታን ስለነገረው በዚህ በኩል ታሪኩ ከእናንተ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ እናታችሁ ስላረፉበት ምክንያት የተነገራችሁ ነቢያዊ ቃል የለም፤ ማንም ደግሞ ከራሱ አውጥቶ ሊነግራችሁ አይገባም። በልመናው በኩል ግን አንድ ናችሁ፤ ዳዊት የተሰወረውን ፈቃድ እስኪያውቅ አልጠበቀም፣ ሕፃኑ ከሞተም በኋላ ጸሎቱን እንደ ኪሳራ አልቆጠረም።

«እንደ ፈቃድህ ይሁን» የሚለውን በተመለከተ፣ ጌታ ኢየሱስ በጌቴሴማኒ ይህን የተናገረው ጽዋው እንዲያልፍ ከለመነ በኋላ ነው። ልመናውንም ሦስት ጊዜ ደጋግሞታል። ስለዚህ የሚፈልጉትን በግልጽ ሳይጠይቁ ይህን ቃል እንደ መሸሸጊያ ከተጠቀሙበት በእርግጥ ስንፍና ይሆናል፤ የልብዎን ሁሉ ከነገሩት በኋላ ከሆነ ግን የተናገሩት ጌታችን ራሱ የጸለየውን ነው።

ወንድምዎን አሁን ከጉባኤ ፊት አቁማችሁ «ጸልይ» አትበሉት፤ ለምን ዝም እንዳለም አትከራከሩት። ፈቃደኛ ከሆነ መዝሙር 88ን (በግዕዙ ቁጥር 87ኛውን) አብራችሁ አንብቡ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አቤቱታ ነው፤ መጽናኛ ሳይጨመርበትም ያልቃል፤ ሆኖም «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ ለእግዚአብሔር የተነገረ ጸሎት ነው። እሱም የራሱን አቤቱታ በዚህ መልክ ለእግዚአብሔር ሊናገር እንደሚችል ንገሩት። ካልፈለገም አትጫኑት፤ እስከዚያው እርስዎ ስለ እሱ ይለምኑ።