ፑትናምን ለምትጀምሩ ልጆች

ልጆቼ፣ አሜሪካዊውን ፈላስፋ ሂላሪ ፑትናምን ስታነቡ አስቀድማችሁ ዓመቱን እዩ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የ1967ቱና የ1988ቱ ፑትናም አይስማሙም። ሰውየው የገነባውን ራሱ የሚያፈርስ ነበርና፣ ዓመት ሳይጠቅስ «ፑትናም እንዲህ ይላል» የሚል ድርሰት አይታመንም።

በ1975 ስለ ትርጉም ከጻፈው ጀምሩ። ምድርን በሁሉ ነገር የምትመስል ሌላ ዓለም አለች እንበል። ወንዟን የሚሞላው፣ ጥም የሚቆርጠው ፈሳሽ ግን የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ውሁድ ሳይሆን ሌላ ነው። ጊዜው 1750 ነው። የእኛው ሰውና የዚያኛው አምሳያው «ውሃ» ሲሉ በሐሳባቸው ያለው አንድ ነው፤ ቃሉ የሚያመለክተው ግን ሁለት ነገር። ስለዚህ ትርጉም ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ተፈልጎ አይገኝም። 1750ን አትዝለሉት! ኬሚስትሪ ገና ልዩነቱን ያልደረሰበት ዘመን ስለሆነ ነው የተመረጠው፤ ወደ ዛሬ ካመጣችሁት የሁለቱ ሰዎች ዕውቀት ይለያያል፣ ክርክሩም ይላላል።

ብዙ ተማሪ «የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነውና አምሳያው ፍጹም አንድ ሊሆን አይችልም» ብሎ ያሸነፈ ይመስለዋል። እውነት ነው፤ ግን የሚወድቀው ምሳሌው እንጂ ነጥቡ አይደለም። ፑትናም እዚያው ድርሰት ውስጥ ተራ ሰው የማይለያቸውን ሁለት ብረታ ብረቶች፣ አሉሚኒየምና ሞሊብዴነምን፣ አቅርቧል፤ በእነሱ ተኩት። በእኛ አገር ደግሞ ዝግባና ጥድ ይበቃሉ፦ ከተማ ያደገ ሰው ሁለቱን ባይለይም «ዝግባ» ሲል ዝግባን ማለቱ ነው፤ የሚለዩ ሰዎች በቋንቋው ውስጥ አሉለታና።

በ1981 ያመጣውን በገንዳ የተዘፈዘፈ አንጎል (ከአካል ተለይቶ፣ ኮምፒውተር የሐሰት ዓለም የሚያሳየውን) ግን ብዙዎች ገልብጠው ይረዱታል። «ምናልባት እዚያ ነን» አላለም፤ ዕድሜውን ሁሉ እዚያ የኖረ አንጎል «ገንዳ» የሚለው ቃሉ እውነተኛውን ገንዳ አይነካም ነው ያለው። ትናንት የገባ አንጎል ከሆነ ክርክሩ አይሠራም፤ ቃሉን የተማረው ከእውነተኛው ዓለም ነውና።

ወደ 1967 ተመለሱ። ኦክቶፐስም ሕመም ከተሰማው፣ አንጎሉ ከእኛ ስለሚለይ፣ ሕመም የአንጎል ሁኔታ ሳይሆን እንደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ያለ ሥራ ነው አለ። በ1988 ይህንኑ መሣሪያ በራሱ ላይ አዞረው፦ አንዱ እምነት በተለያየ አካል ብቻ ሳይሆን በተለያየ ፕሮግራምም ሊገኝ ይችላል፤ በዚያ ላይ በ1975 እንዳለው ትርጉሙ ከውጭው ዓለም ጋር የታሰረ ነው፤ ስለዚህ የውስጡ ፕሮግራም ብቻውን እምነትን አይገልጽም።