ስትመለስስ?

ባለፈው ቅዳሜ ሦስታችሁም ቤቴ መጣችሁ። እጃችሁ ከግራሶ አልጠራም ነበር። ገና በሩን ሳታልፉ ትልቁ ልጅ "ጋሼ፣ 140 ገባች!" አለኝ። ስልኩን አውጥቶ በእጃችሁ የሠራችኋትን መኪና የፍጥነት ቆጣሪ ቪዲዮ አሳየኝ። እውነትም ቀስቷ 140 ላይ ትንቀጠቀጣለች።

እኔ የጠየቅኋችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ስትመለስስ?"

ተያያችሁ። ትንሹ ሳቀና "ስትመለስማ አይሱዙ ላይ ተጭና ነው" አለ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ስልክ ተደወለላችሁና ቶናውን እንኳ ሳትጠጡ ወጣችሁ። ጥያቄዬ ግን ቀልድ አልነበረም። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። እንደ እናንተ ቆርቆሮ ቤት ዘግተው ብረት የሚቆርጡ ልጆች ደሴም ኮምቦልቻም አሉ፤ እነሱም ያንብቡት።

አስቀድሜ የሚገባችሁን ልስጣችሁ። አርባ ዓመት ገደማ በቶርኖና በብየዳ ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪና ሲጠገን እንጂ ከባዶ ሲነሳ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። እናንተ ከተገጨ ቪትዝ ሞተርና ካምቢዮ አወጣችሁ። ሻንሲውን ከቱቦላሬ በየዳችሁ። ቁመቷ ከጉልበት እምብዛም የማትበልጥ መኪና አቆማችሁ። አፍንጫዋ ላይ ላሜራውን ያጎበጣችሁበትን እጅ፣ ወላሂ፣ እኔም የለኝም። ስለዚህ ላጣጥላችሁ አይደለም፣ አብሽሩ።

አሁን ወደ 140ዋ እንምጣ። የለካችሁት ወደ ሐርቡ ስትወርዱ ነው። መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ቦርከናም በዚያው አቅጣጫ ነው የሚፈሰው። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አላያችሁም። ጎማውንም ቀይራችኋል። ቆጣሪው የሚያውቀው ዙር ብቻ ነው፤ ጎማው ትንሽ ይሁን ትልቅ አያይም። ጎማው ከፋብሪካው ልክ በ10 ፐርሰንት ካነሰ፣ ቆጣሪው 140 ሲል እናንተ 126 ላይ ናችሁ። በሰዓት እንለካ ብትሉም በ100 ሜትር አትለኩ። በ120 ፍጥነት 100 ሜትር በ3 ሰከንድ ያልቃል። አውራ ጣታችሁ 0.3 ሰከንድ ከዘገየ ስሕተቱ አንድ አስረኛ ሆነ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ግን 30 ሰከንድ ይፈጃል፤ ያው ጣት የሚያሳስተው በ1 ፐርሰንት ነው።

በዚህ ሥራ የከረሙ ሰዎች ራሳቸውን እንዳያታልሉ ሕግ አውጥተዋል። የዓለም የመሬት ፍጥነት ክብረ ወሰን የሚመዘገበው በደርሶ መልስ ነው። ትሄዳለህ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያንኑ መንገድ ትመለሳለህ፤ የሁለቱ አማካይ ይያዛል። በሄድክበት የገፋህ ነፋስና ቁልቁለት በተመለስክበት ይጠይቅሃል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1997 አንዲ ግሪን የተባለ እንግሊዛዊ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ትረስት ኤስኤስሲ የምትባለውን ባለሁለት ጄት ሞተር መኪና አሜሪካ፣ ኔቫዳ ውስጥ ብላክ ሮክ በረሃ ላይ ነዳት። በሰዓት 1,228 ኪሎ ሜትር፤ ከድምፅ በላይ። እስካሁን የሰበረው የለም። ያም ቁጥር የሄደበትና የተመለሰበት አማካይ ነው።

የእናንተ 140 ስትመለስ ስንት ትሆን ነበር? እኔ 110 ካለች ደስ ይለኛል። አትናደዱ። 110 እውነተኛ ከሆነች ከእሷ ላይ መጨመር ይቻላል።

መካከለኛው ልጅ "ትልቅ ሞተር ብናስገባስ?" ብሎኛል። ቆይ። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን አየሩ ወደ ኋላ የሚገፋችሁ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ያንን ኃይል ደግሞ በእጥፍ ፍጥነት ነው የምታሸንፉት። ስለዚህ ሞተሩ ስምንት እጥፍ ጉልበት ይጠየቃል። በ100 ላይ አየሩ ብቻውን 10 የፈረስ ጉልበት ከበላ፣ በ200 ላይ 80 ይበላል። የቪትዛችሁ ሞተር በሙሉ ጤንነቱ 70 ገደማ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁ ሞተር ላይ ሳይሆን እዚያች የምታምር አፍንጫና ከሥሯ ባለው ክፍት ሆድ ላይ ይዋል። ከሥር ያለው ቧንቧና ማርሚታ ሁሉ አየር ይይዛል። በላሜራ ሸፍኑት።

"ከፍታው ነው ያደከማት" የሚለውንም ሰበብ አልቀበልም። አየር የሚያጭቅለት ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 ፐርሰንት ገደማ ጉልበት እንደሚያጣ እውነት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሩብ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። ግን ሞተሩን ያስራበው ስስ አየር መንገዱንም አቅልሎለታል፤ የሚገፋችሁም እሱው ነው። ሁለቱ ሊጣፉ ምንም አይቀራቸው።

ወደ ሐርቡ የሚወስደው መንገድ ስትሉ ግን ፊቴ እንደተለወጠ አይታችሁ ይሆናል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጥገና ቤት እሠራ ነበር። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የሰይቸንቶ ቀፎ ገዛን። ሰይቸንቶ ለማታውቁ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ትንሿ ፊያት 600 ናት። ጣሪያዋን ቆረጥን። በሮቿን ጣልን። አንድ የጣሊያን መጽሔት ላይ የውድድር መኪና ፎቶ አይተን ነበርና ሹፌሩ መሀል እንዲቀመጥ ፈለግን። ለዚያ መሪውን ወደ መሀል ማምጣት ነበረብን። ዘንጉ አጠረ። ቆርጬ ሌላ ብረት ጨምሬ በየድኩት።

ቅዳሜ ማታ ነበር። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ልንሞክራት ተቀጣጥረናል። ብየዳው እንደ ፍም ቀልቷል። ቸኩያለሁ። ከጀሪካን ውሃ አፈሰስኩበት። ቺ... አለ። አሁንም ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጠዋት ተራው የኔ ሆነና ወደ ሐርቡ ነዳኋት። እንደ ወፍ ሄደች። ጓደኛዬ እዚያ ይጠብቀኝ ነበር፤ አዙረን፣ መመለሻው የሱ ነው። እኔ ጎኑ ቦታ ስላልነበረ በእግሬ ተከተልኩ። አይቼዋለሁ፤ መሪውን ወደ ግራ አዞረ፣ መኪናዋ ወደ ቀኝ ሄደች። መሪው በእጁ ላይ ዝም ብሎ ይዞር ነበር። ማሽላ ውስጥ ገብታ ተገለበጠች። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ዛሬም ያነክሳል።

ለጠየቀን ሁሉ "ዘንጉ አርጅቶ ነው" አልኩ። ለሱም እንደዚያ አልኩት። እውነቱን የነገርኩት ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ረጋ ብሎ ሰማኝና "ስብራቱን እኮ ያን ዕለት አይቼዋለሁ" አለኝ። መካኒክ ነው። ቀስ ብሎ ተስቦ የተበጠሰ ብረት ደብዛዛና ጭረት ያለው ይሆናል። የኔው ግን እንደ ስኳር ያብለጨልጭ ነበር።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ የልጅነቴን ቀጥቃጭ ሳስታውስ ነው። ማጭዱን ያግላል፣ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ስለቱ እንዲጠነክር ነው። የጠነከረ አይጎብጥም፤ የማይጎብጥ ደግሞ ሲመጣበት እንደ ሸክላ ይሰበራል። ማጭድ እንዲያ ይሁን። የመሪ ዘንግ ግን ሳይሰበር በፊት መጎበጥ አለበት። እኔ ዘንጉን ማጭድ አደረግሁት።

ስለዚህ የመሪ ዘንግ አትበይዱ። ካጠረ ሁለት ዘንግ በሚያያይዘው ክሮቸራ ቀጥሉት፤ ከሌላ መኪና ሙሉውን አውጡ። የግድ ከሆነ እጁ የሰላ፣ ሥራውን ተፈትኖ ያለፈ በያጅ ይሥራው። እሱም ቢሆን ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፤ አመድ ውስጥ ቅበሩት። ውሃ ለቡናችሁ ይሁን።

ለጭንቅላታችሁ መከላከያ የበየዳችሁት ነገር ሌላው ሐሳቤ ነው። የውሃ ቧንቧ ነው አይደል? ዚንክ የተቀባ? አውጡት። ዚንኩ ሲበየድ ጭሱ ያሳምማል፤ ብየዳውንም ያበላሻል። ቧንቧው የተሠራውም ውሃ እንዲያሳልፍ እንጂ ሰው እንዲሸከም አይደለም።

ፍሬን። በ60 ፍጥነት በ20 ሜትር የቆመች መኪና በ120 ወደ 80 ሜትር ትፈልጋለች። እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ። እናንተ ሞተሩን ስትፈቱና ስትገጥሙ ከረማችሁ፣ የፍሬን ሸራውን ግን አልቀየራችሁም። አይቻለሁ።

ጎማው ጎን ላይ ፊደል አለ። ኤስ 180፣ ቲ 190፣ ኤች 210 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። በጎኑ አራት አኃዝ ያለበት ቦታ ፈልጉ። 2314 ካለ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጎሚስታው "አዲስ ነው" ቢላችሁም ቁጥሩ ይናገራል። ኩሽኔታውንም እንዲሁ አትናቁ። አርት አርፎንስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። የተዋጊ አውሮፕላን የተበላሸ ሞተር በርካሽ ገዝቶ፣ እሱው ጠግኖ መኪና ላይ የጫነ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ የዓለምን ክብረ ወሰን ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1966 ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ሳለ የአንድ ጎማ ኩሽኔታ ነከሰ። መኪናዋ ተበታተነች። እሱ በተአምር ተረፈ።

እኔ የምወደው ግን በርት መንሮን ነው። ኒው ዚላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የተሠራች ኢንዲያን ሞተር ሳይክል ነበረችው። ስትገዛ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የምትሮጠው። ለአሥርት ዓመታት እንደ እናንተ ባለ ሼድ ውስጥ ፒስተኑን ራሱ እያቀለጠ ሠራት። እ.ኤ.አ. በ1967፣ በ68 ዓመቱ፣ ቦኔቪል በሚባለው የዩታ የጨው ሜዳ ላይ በ1000 ሲሲ ክፍል 296 ኪሎ ሜትር ገደማ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ሼዱ ውስጥ መደርደሪያ ነበረው። የተሰበሩ ፒስተኖችና ዘንጎች እዚያ ተደርድረው ነበር። አልጣላቸውም።

እኔም ቤት አንድ ብረት አለኝ፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ። ቅዳሜ ስትገቡ አላያችሁትም። ባለቤቴ "ይሄን ቁርጥራጭ ጣለው" ትለኛለች፤ አልጣልኩትም። እናንተም የሰበራችሁትን አትጣሉ። ቀን ጻፉበት፣ ስንት ፍጥነት ላይ እንደነበረ ጻፉበት።

የጨው ሜዳ ካነሳሁ፣ "አፋር ወርደን አሳሌ ላይ እንሞክራት" ያላችሁትን ሰምቻለሁ። ሕልሙን አልነካባችሁም። አሞሌ ከሚቆረጥበት፣ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ከሆነ ሜዳ ላይ ሞተራችሁ ጠግቦ ይተነፍሳል። ግን ጨው የሚጠነክረው ሲደርቅ ነው። ቦኔቪል ላይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 ጨው አልመች ብሎ ትልቁ ውድድር ተሰርዟል። ፈቃዱ፣ ሙቀቱ፣ ሐኪም የሌለበት ርቀት አለ። ደግሞ ጨው ብረታችሁን ይበላል። ከዚያ በፊት በርካታ ወር ይቀራችኋል። እስከዚያው ሰው ወደሚሄድበት አስፋልት አትውጡ። የሐርቡ መንገድ የግመልና የሕፃን መንገድ ነው። ሰፊ ግቢ ያለው ፋብሪካ አስፈቅዱ፤ እኔም አብሬያችሁ ሄጄ እለምናለሁ። እዚያ በ40 ነድታችሁ ማቆምን ተለማመዱ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። መኪናዋን አታምጡ። መሪዋን ፍቱና ዘንጉን ብቻ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡልኝ። የበየዳችሁበትን ቦታ በግራይንደር እንዳትነኩት፤ ቀለምም እንዳትቀቡት። እንዳለ ልየው። በረካውን ሳትጠጡ ግን አትወጡም።